ሦስተኛው «ተቀመጡ»

በ2091 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በኮምቦልቻ ከተማ ስድስት መቶ አሥራ አራት ዊልቸሮች ነበሩ። ሁሉም ደረጃ ይወጣሉ። ጭቃ አያሸንፋቸውም፤ አውቶቡስ ሲመጣ ራሳቸው ያስቆማሉ፤ ባለቤታቸው ሲያንቀላፋ ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ዝናብ ሊጥል ሲል ጥላ ይዘረጋሉ። ብድግ የሚል ግን አንድም አልነበረም። ትልቅ ሰው ወደ ቤት ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ «ኖር» ብሎ ከመቀመጫው ሲነሳ፣ ዊልቸር ላይ ያለው ሰው አንገቱን ብቻ ያቀናል። ለምን አልተነሳህም ብሎ የሚቀየመው የለም። ሰውየውን የሚያንገበግበውም ይኸው የሚቀየመው ማጣቱ ነበር።

ይህን ያስተዋለችው ኢንጂነር ጦይባ እንድሪስ ናት። ጦይባ በቦርከና የረዳት መሣሪያዎች ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። የጀመረችው በሰው ሠራሽ እጅ ነው፤ ጣቶቹ ብርጭቆ ሳይሰብሩ እንዲጨብጡ ያደረገች እሷ ናት። ቀጥላ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች የሚናገር ከዘራ ሠራች። ከዘራው ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር «ተጠንቀቅ» ይል ስለነበር፣ የሰፈር ውስጥ መንገድ ላይ ለአፍታም ዝም አይልም። ባለቤቶቹ አፉን በጨርቅ ጠቅልለው መጓዝ ጀመሩ። ጦይባ ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አወጣች። ምንም ነገር ከመሥራቷ በፊት ሄዳ ታያለች፤ ካየች በኋላ ትለካለች፤ ከለካች በኋላ እንደገና ሄዳ ታያለች።

ዘመኑ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ጨዋነት የሚማርበት ዘመን ነበር። በር ለሽማግሌ ቀድሞ ይከፈታል። ሊፍት ነፍሰ ጡር ቆማ እያየ አይዘጋም። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሲኒ፣ የስኳሩ ማንኪያ ሁለተኛ ሲመጣበት «ኧረ ተው» ይላል። ለእነዚህ ዕቃዎች ሥነ ሥርዓት ቁጭ ብሎ ያስተማራቸው የለም። ብዙ ሰው ምን እንደሚያደርግ ይመዘገባል፤ ከዚያ መካከለኛው ይወሰዳል። መካከለኛው ሰው የሚያደርገውን መሣሪያውም ያደርጋል። ጠባዩ ከመካከለኛው ወጣ ያለ ሰው ከገዛ ሲኒው ጋር ሲጨቃጨቅ ይውላል።

ጦይባም ብድግ የሚለውን ወንበር ከመሥራቷ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ቤት ለሰው ቤት ዞረች። ሠርግ ሄደች፣ ለቅሶ ደረሰች፣ መውሊድ በላች፤ ጥግ ይዛ ማን ለማን እንደሚነሳ፣ ምን ያህልስ እንደሚነሳ ተመለከተች። ከሁሉ በላይ የማረካት ግን የመቀመጥ ነገር ነው። እንግዳ ሰው በመጀመሪያው «ተቀመጡ» አይቀመጥም፤ «ኧረ ግድ የለም» ይላል። በሁለተኛው ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ወንበሩን ያያል፤ «ምን አስቸገራችሁ» ይላል። በሦስተኛው ይቀመጣል። ከመቶ እንግዶች ዘጠና አንዱ እንዲህ ናቸው።

ወንበሩን እንደዚያው አድርጋ ሠራችው። ደረትንና ጉልበትን በሰፊ ቀበቶ ደግፎ ባለቤቱን ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ባለቤቱ ቆሞ ሳለ የቤቱ ጌታ «ተቀመጡ» ሲል አይንቀሳቀስም። ሁለተኛ ሲባል ሁለት ጣት ያህል ሸብረክ ይላል፤ የጋባዡን ልብ ደስ ለማሰኘት ነው። ሦስተኛ ሲባል ያስቀምጣል። ለመነሳትም ሕጉ ያው ነው፤ ሐዘንተኛም ሆነ ታማሚ በመጀመሪያው «ተነሱ» እንደማይነሳ ጦይባ ስላየች፣ በሦስተኛው ያነሳል። መሬት ላይ ተነጥፎ ለሚበላበት ቤትም ወንበሩ «ዝቅ በል» ሲባል እስከ ምንጣፉ ድረስ ይወርዳል።

የረዳት መሣሪያዎች ደኅንነት ጽሕፈት ቤት ሥራውን አድንቆ አንድ ነገር ብቻ ጨመረበት። ወንበሩ ማስቀመጥ ከጀመረ ባለቤቱ ማስቆም አይችልም። ጦይባ ለምን ብላ ጻፈች። የመጣላት መልስ አንድ መስመር ነበር፦ «አልቀመጥም ማለት የራስ መዞር የመጀመሪያ ምልክት ነው።»

ለሙከራ የተመረጡት ጋሽ ይመር ሐሰን ነበሩ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ዓመት በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ነድተዋል፤ አከርካሪያቸው የተጎዳው ግን መንገድ ላይ ሳይሆን ከቤታቸው ጣሪያ ወድቀው ነው። ይህን ሲያወሩ ጣሪያውን ይሰድባሉ። ከዚያ በፊት በሰፈሩ ልጅ ሊጠየቅ ሲባል መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ዊልቸር ላይ ከተቀመጡ ወዲህ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ አንድም ጊዜ አልተጠሩም።

ምክንያቱን ማንም አልነገራቸውም። «እንዳናደክምዎ ብለን ነው» ይሏቸዋል። እሳቸው ግን ያውቁታል። የሽማግሌ ጉልበቱ መቆሙ ነው። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ የልጅቱ አባት እሺ እስኪል ድረስ አይቀመጥም። አባትየው የሽማግሌዎቹን ጉልበት መንቀጥቀጥ እያየ ይጨነቃል፤ ጭንቀቱ ሲበዛበት ይሰጣል። ተቀምጦ የመጣ ሽማግሌ እምቢ የሚለው መቀመጫ የለውም።

ወንበሩ መጀመሪያ ያቆማቸው ዕለት ጦይባ ከአጠገባቸው አልራቀችም።

«ጋሼ፣ ማዞር ካለ ይንገሩኝ።»

«ማዞርስ አለ። ሰባት ዓመት የሰው ራስ ከላይ አላየሁማ።» ዞር ብለው አብሯቸው የመጣውን ጓደኛቸውን፣ መምህር አበጋዝን፣ ተመለከቱ። «አበጋዝ፣ መላጣ ሆነሃል እንዴ? ከታች ሲያዩህ እኮ አታስታውቅም ነበር።»

በዚያው ወር የሰፈሩ ልጅ ፈድሉ ጭንቅ ላይ ነበር። ሂክማ ከምትባል ልጅ ጋር ይዋደዳሉ። አባቷ ሙሄ አሊ የሚባል የባትሪ ነጋዴ ነው። ፈድሉ አፋር ውስጥ የምድር እንፋሎት ጣቢያ ስለሚሠራ በዓመት ስድስት ወር አገር ቤት የለም። ሙሄ በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ የመጡትን ሽማግሌዎች መልሷል። ሦስተኛ ከመለሰ ነገሩ ያከትማል፤ አራተኛ መላክ በሰፈሩ ነውር ነው። የፈድሉ ቤተሰብ ሲጨንቃቸው ጋሽ ይመር ባለፈው ሳምንት በመስጊዱ ደጅ ቆመው መታየታቸውን አስታወሱ።

ለሙከራ የወጣ ወንበር ከኢንጂነሩ ዓይን እንዳይርቅ ደንብ አለ። ስለዚህ ጦይባ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከሦስቱ ሽማግሌዎች ጋር ሾፌር በሌለው ሚኒባስ ተሳፈረች። ከጋሽ ይመር ሌላ መምህር አበጋዝና አቶ ሽፋ የሚባሉ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲይዝ ጋሽ ይመር በንቀት አዳመጡት።

«ማርሽ ሳይቀይር ይወጣል፤ ይሉኝታ የሌለው ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጦይባ፣ ዛሬ ሳይሰጠን ከተቀመጥኩ አበቃ። ሁለተኛ የሚጠራኝ የለም።»

«እንዴት ሳይሰጣችሁ ይቀመጣሉ? ሲላችሁ እምቢ ትላላችሁ አይደል?»

«እንላለን እንጂ።»

«ስንት ጊዜ ነው ተቀመጡ የሚሏችሁ?»

«እስኪሰለቻቸው ነዋ። እኔ አንዴ ሐይቅ ከተማ አሥር ጊዜ ተብዬ አውቃለሁ።»

ጦይባ ሠርግ ሄዳለች፤ ለቅሶ ደርሳለች፤ መውሊድ በልታለች። ልጅ የሚጠየቅበት ቤት ግን ሴት ሽማግሌ ሆና አትገባም፤ ስለዚህ ገብታ አታውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ የለካችው የመቀመጥ ልክ አንድ ቤት ጎድሎት ነበር፤ የጎደለው ቤት ደግሞ አሁን እየሄዱበት ያለው ነው።

«ጋሼ» አለች። «ሦስተኛው ላይ ይቀመጣል።»

«ማን?»

«ወንበሩ።»

«እኔስ?»

«እርስዎም አብረው።»

መምህር አበጋዝ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አጥፊዋ» አሉ ጋሽ ይመር።

«የሚያጠፋው ቁልፍ ደኅንነት ጽሕፈት ቤት ነው ያለው። ዛሬ ቅዳሜ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት መኪና ነዳሁ፤ ዛሬ ወንበር ይነዳኛል» አሉ። ጥቂት አሰቡ። «አብሽሪ። ሁለተኛውን ካለ በኋላ አፉን አላስከፍተውም።»

የሙሄ ቤት በር ሽማግሌዎቹን በየስማቸው ተቀበለ፤ የመምህር አበጋዝ የደም ግፊት ከፍ ማለቱንም ቤተሰቡ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ አስታወቀ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ገብተው ቆሙ። ጋሽ ይመር መሀል ነበሩ፤ ወንበራቸው ቀጥ አድርጎ ይዟቸዋል። ጦይባ በረንዳው ላይ፣ በተከፈተው በር ትይዩ ቀረች። አንዲት የቤቱ ልጅ ዱካ፣ ትንሽ በርጩማ፣ አምጥታ ተቀመጪ አለቻት። ጦይባ ሁለት ጊዜ እምቢ ብላ በሦስተኛው ተቀመጠች። ልኬቷ ስህተት እንዳልነበረ በገዛ ጉልበቷ አረጋገጠች።

ውስጥ ሙሄ ተነስቶ ተቀበላቸው። ጥግ ላይ እናቱ እማ ዘይነብ በአሮጌው ዓይነት ዊልቸር ተቀምጠዋል። መጋረጃው ጀርባ ሰው እንዳለ ያስታውቃል።

«ደኅና መጣችሁ። ተቀመጡ» አለ ሙሄ።

«መቀመጫ ብለን አልመጣንም» አሉ ጋሽ ይመር። «ጉዳይ ይዘን ነው።»

«ጉዳዩም ይደርሳል። ቆሞ የሚያልቅ ነገር የለም፤ ተቀመጡ።»

ወንበሩ ሁለት ጣት ያህል ሸብረክ አለ። ጋሽ ይመር በዚያው ቅጽበት ንግግር ጀመሩ። የፈድሉን አያት አነሱ፤ የአያቱን በሬዎች አነሱ፤ ፈድሉ የሚሠራበት እንፋሎት ለግማሽ አገር መብራት እንደሚሰጥ፣ ሙሄ የሚሸጣቸው ባትሪዎችም የሚሞሉት ከዚያው መሆኑን አስረዱ። ትንፋሽ የሚወስዱት በዓረፍተ ነገር መሀል ነበር፤ ነጥብ ላይ ፈጽሞ አያርፉም። ጦይባ በሰው ሠራሽ ሳምባ ላይ ሠርታ ታውቃለች፤ እንዲህ ያለ አተነፋፈስ ግን አይታ አታውቅም።

ሙሄ አላቋረጣቸውም። ዓይኑ ግን ከፊታቸው ወርዶ ጉልበታቸው ላይ አርፏል። ሰውየው ዕድሜውን በሙሉ ዕቃ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ነው። «ተቀመጡ» ሲል የሰው ጉልበት ሳይሆን ብረት መልስ እንደሰጠው ገብቶታል። ጋሽ ይመር ወደ ፈድሉ ቅድመ አያት ሲሻገሩ ምራቃቸውን ለመዋጥ ቆም አሉ።

«ጋሽ ይመር» አለ ሙሄ ረጋ ብሎ። «ተቀመጡ።»

ወንበሩ እንደ ንብ ድምፅ አሰምቶ መውረድ ጀመረ። ጋሽ ይመር እየተናገሩ ወረዱ። መምህር አበጋዝና አቶ ሽፋ ቆመው መሀላቸው እየጎደለ ሲሄድ አንገታቸውን አዙረው ተመለከቱ። ሙሄ ፈገግታውን በጢሙ ስር ለመደበቅ ሞከረ፤ አልሞላለትም። ጦይባ ዱካው ላይ ሆና እጇን አፏ ላይ ጫነች። የሰባት ዓመት ተስፋ በእሷ ሞተር እየወረደ ነበር።

ወንበሩ የመቀመጫ ልክ ላይ ደርሶ ቆመ። ጋሽ ይመር ንግግራቸውን አቋረጡ። ወንበሩን አዩት፤ ከዚያ ሙሄን አዩት።

«ዝቅ በል» አሉ።

«ምን አሉ?» አለ ሙሄ።

«አንተን አይደለም።»

መቀመጥን ማስቆም ክልክል ነው፤ የበለጠ መውረድን ግን ማንም አልከለከለም። ለደኅንነት ጽሕፈት ቤቱ ዝቅታ ምንጊዜም አደጋ የለውም። ወንበሩ እግሩን አጣጥፎ ወረደ፤ ምንጣፉን ነካ። ጋሽ ይመር የሙሄ ጫማ ፊት ለፊት ሆኑ፤ ጎንበስ ብለው ሁለት እጃቸውን ጫማው ላይ አሳረፉ።

«ሙሄ፣ መቼ ተቀመጥኩ?» አሉ። «እግርህ ላይ ወድቄያለሁ።»

የቆመ ሽማግሌን ማስቀመጥ ይቻላል። የወደቀ ሽማግሌ ግን ሌላ ነገር ነው። መምህር አበጋዝ የሚሆኑትን አጥተው እሳቸውም ለመውደቅ ጎንበስ አሉ፤ ጉልበታቸው ጮኸና እመንገድ ላይ ቀሩ።

«ኧረ ጋሽ ይመር፣ ምን ነካዎት፣ ተነሱ እንጂ» አለ ሙሄ።

«ሳትሰጠኝ አልነሳም።»

«በአላህ ይሁንብዎት፣ ተነሱ። ሰው ቢያይ ምን ይለኛል?»

ወንበሩ ከምንጣፉ ሁለት ጣት ያህል ብድግ ብሎ ቆመ። ሙሄ ሦስተኛውን ለማለት አፉን ከፈተ፤ አየና ዘጋው። ከበረንዳው ጦይባ ፊቱን ስታየው ሒሳቡ ሲገባው ታያት። አንድ ቃል ብቻ ይበቃል። ሦስተኛውን ካለ ይህ ሰው ወደደም ጠላም እንደ ጆንያ ከእግሩ ስር ይነሳል፤ ልመናውም ሳይሰጥበት ይፈርሳል። ሙሄ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሙሄ» አሉ እማ ዘይነብ ከጥግ።

«አቤት እማ።»

«ምንድን ነው የምትቆጥረው?»

«ምንም አልቆጠርኩም።»

«ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል እኮ። ሽማግሌ እግርህ ላይ ወድቆ እንደ ባትሪ ትቆጥረዋለህ? የአባትህ ሽማግሌዎች የወደቁ ዕለት፣ አባቴ ሁለት ሳይደርስ ነው የሰጠኝ።»

«እማ፣ ልጁ እኮ በዓመት ስድስት ወር የለም። ልጄ ብቻዋን ልትኖር ነው?»

«ባል ስድስት ወር ሲጠፋ ምን እንደሚመስል እኔን ጠይቀኝ» አሉ እማ ዘይነብ። «አባትህ ለንግድ ሲወጣ ነበር የማርፈው።»

መጋረጃው ጀርባ አንድ ሰው ሳል ለማስመሰል ሞከረ፤ ሳሉ ሳቅ ሆኖ ወጣ። አቶ ሽፋ ከመጡ ጀምሮ የመጀመሪያ ቃላቸውን ተናገሩ፤ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ገና ምንም ሳይሰጥ። ሙሄ ወደ መጋረጃው አየ፤ ወደ እናቱ አየ፤ ጫማው ላይ ያረፉትን እጆች አየ። የጋሽ ይመር እጆች መሪ የጨበጡ ይመስል አልላላ ብለው ነበር።

«እሺ» አለ። «ሰጥቻለሁ። ተነሱ።»

ወንበሩ ተነሳ። ጋሽ ይመር ከምንጣፉ እስከ ቁመታቸው ድረስ ቀስ እያሉ ሲወጡ እጃቸው ለዱዓ ተዘርግቶ ነበር፤ ሁሉም አሚን አለ። ዱዓው ሲያበቃ ሙሄ ግንባሩን ጠርጎ «አሁንስ ተቀመጡ» አላቸው።

«ኧረ ግድ የለም» አሉ ጋሽ ይመር።

«ተቀመጡ እንጂ።»

«ምን አስቸገርንህ» አሉ፤ ወንበሩም አብሯቸው ሸብረክ አለ። ከሰባት ዓመት በኋላ እምቢ የሚሉት መቀመጫ አግኝተው ነበርና አልቸኮሉም።

ጦይባ ሰኞ ጠዋት ስህተቱን ለደኅንነት ጽሕፈት ቤቱ አሳወቀች፤ ማረሚያውንም አብራ ላከች። ማክሰኞ ጋሽ ይመር ደወሉላት።

«ልታስተካክዪው ነው አሉ?»

«ጥፋት ነው ጋሼ። ጥፋት ይታረማል። ከእንግዲህ እርስዎ ካልፈቀዱ አይቀመጥም።»

«እሱን አድርጊ። መውደቁን ግን እንዳትነኪብኝ።»

«እሱ ለምግብ የተሠራ ነው እኮ።»

«እኔ ምን ልብላበት፤ ለመጪው ሳምንት ሁለት ቤት ቀጠሮ ይዤበታለሁ። ቆሞ መለመን ድሮ ቀረ፣ ጦይባ። አበጋዝም እንዲህ ያለ ወንበር ከየት ይገዛል እያለ ጠይቆኛል።»

«መምህር አበጋዝ ምን ሆኑ? እግራቸው ታመመ?»

«እግሩስ ደኅና ነው» አሉ ጋሽ ይመር። «መውደቁን ነው ያልቻለበት።»

ጦይባ ስልኩን ዘግታ እንደ ልማዷ ሄዳ ልታይ ወጣች፤ በዚያ ዓመት ልጅ በሚጠየቅባቸው ቤቶች በረንዳ ብዙ ዱካ ላይ ተቀመጠች። የደኅንነት ጽሕፈት ቤቱ ማረሚያውን በአራተኛው ወር አጸደቀ። በሙከራው ጊዜ አንድም የራስ መዞር አለመመዝገቡን ጠቅሶ ፋብሪካውን አመሰገነ። እማ ዘይነብ ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዷ ሆኑ፤ ከዚያ ወዲህ ሙሄ ወደ ቤት ሲገባ ሳይሆን ሲከራከር ነው የሚነሱበት። ጋሽ ይመር በሳምንት ከሁለት ቤት በላይ እንደማይቀበሉ ለሰፈሩ አስታወቁ።

በ2095 ዓ.ም. መጨረሻ በኮምቦልቻ ብድግ የሚሉ ሰማንያ ሦስት ወንበሮች ነበሩ። ከሰማንያ ሦስቱ ባለቤቶች መካከል ሃያ ዘጠኙ ያለ ምንም ችግር በእግራቸው ይሄዳሉ።